ሉፐስ፣ አዲሶቹ መርፌዎችና «መሞከሪያ አትሁኚ»

የመድኃኒት ሙከራ ውስጥ ልገባ አስቤያለሁ ብዬ ለማን ብናገር የማገኘው መልስ አንድ ነው፦ «መሞከሪያ አትሁኚ!» አክስቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውለው «ልጄ፣ ፈረንጅ አይጥ አልቆበት ነው ወይ?» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ግን ጥያቄያቸው ተራ ጥያቄ አይደለም። በስልክ መልሼ ስላልጨረስኩት እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፣ ሌላ አክስት ያላችሁም ብትልኩላቸው ደስ ይለኛል።

ሉፐስ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ባጭሩ። ከበሽታ ሊጠብቀን የተፈጠረው የሰውነት መከላከያ ገላችንን እንደ ባዕድ አይቶ ያጠቃል። ቆዳ ይቆጣል፣ መገጣጠሚያ ያብጣል፣ ኩላሊት ይነካል፣ ልብና ሳንባን የሸፈነው ስስ ሽፋን ይታመማል፣ አንዳንዴም አንጎል አይቀርለትም። ከአስር ታማሚ ዘጠኙ ሴት ናት፣ አብዛኛዋም ገና የምትወልድ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶችን ከነጮቹ አብዝቶ ይይዛል፣ ኩላሊታቸውንም አብዝቶ ይጎዳል። ተላላፊ አይደለም። (ድግስ ላይ ብርጭቆዬን ለይታችሁ የምታስቀምጡ ዘመዶቼ፣ ይቺን መስመር ሁለቴ አንብቡልኝ።)

የመድኃኒቱ ታሪክ ያሳዝናል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ብዙዎቻችን ፕላኩኒል የምንለው፣ ከወባ መድኃኒት ወገን ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሉፐስ የተፈቀደው በ1955 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ከዚያ በኋላ ለሉፐስ ተብሎ የተፈቀደ አዲስ መድኃኒት እስኪመጣ ድረስ 2011 ደረሰ። ከሃምሳ ዓመት በላይ ማለት ነው። በመሃሉ የኖርነው ፕሬድኒሶን በሚባል ስቴሮይድ ነው። ፕሬድኒሶን ነፍስ ያተርፋል፣ አልክድም፣ የእኔንም አትርፏል። ያተረፈው ግን ፊቴን እንደ ድፎ ዳቦ ነፍቶ፣ እንቅልፌን ነጥቆ፣ ስኳሬን ሰቅሎ፣ አጥንቴን አሳስቶ ነው። ሌላው ከሌላ በሽታ የተዋስነው ነው፤ አዛታዮፕሪን፣ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች የሚወስዱት ማይኮፌኖሌት፣ ለካንሰር የሚሰጠው ሳይክሎፎስፋማይድ። ሁሉም ይሠራሉ። ሁሉም ግን መከላከያውን በጅምላ ነው የሚያዳክሙት፣ ጥፋተኛውንም ንጹሑንም ሳይለዩ።

አዲሶቹ ባዮሎጂክ የሚባሉት ናቸው። በሕያው ሴሎች ውስጥ የሚመረቱ ፕሮቲኖች ስለሆኑ በአፍ ብንወስዳቸው ሆድ ፈጭቶ ይጥላቸዋል፤ ስለዚህ በደም ስር ወይም ከቆዳ ስር በመርፌ ይሰጣሉ። እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ብቻ ለይተው ይይዛሉ። ቤሊሙማብ፣ በገበያ ስሙ ቤንሊስታ፣ የሚይዘው ብሊስ የሚባል ፕሮቲን ነው። ብሊስ ቢ ሴል የሚባሉትን የመከላከያ ሴሎች በሕይወት የሚያቆይ ነው፤ ገላችንን የሚያጠቁት ፀረ እንግዳ አካላት ደግሞ የሚመነጩት ከእነዚሁ ሴሎች ዘር ነው። አኒፍሮሉማብ፣ ሳፍኔሎ የሚሉት፣ የሚዘጋው ኢንተርፌሮን የሚቀበለውን በር ነው። ኢንተርፌሮን ቫይረስ ሲገባ ሰውነት የሚለቀው የማንቂያ ምልክት ነው። ጉንፋን ሲይዛችሁ ገላችሁ የሚቆራረጠውና የሚደክማችሁ ባብዛኛው በእሱ የተነሳ ነው። ብዙ የሉፐስ ታማሚ ውስጥ ግን ቫይረስ በሌለበት ማንቂያው ቀን ከሌት ይጮሃል። ሪቱክሲማብ ደግሞ ቢ ሴሎቹን ራሳቸውን ይገድላል።

ወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል። ሙከራው ላይ ግን ብዙዎቹ ወድቀዋል። የሚገርመኝም፣ አክስቴን ማስረዳት ያቃተኝም እዚህ ላይ ነው፤ አንዳንዱ የወደቀው መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ ሳይሆን መለኪያው ሉፐስን መለካት አቅቶት ነው።

ደም ግፊት ብትታመሙ መለኪያው ቁጥር ነው፣ ወረደ ወይም አልወረደም። ሉፐስ እንዲህ አይለካም። የአንዷ ቆዳ ነው፣ የሌላዋ ኩላሊት፣ የእኔ መገጣጠሚያ። አንድ ወር ትተኛላችሁ፣ በሚቀጥለው ወር ምንም እንዳልሆነ ሠርግ ላይ ትጨፍራላችሁ። ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ለመጨመቅ ሐኪሞች ስሌዳይ የሚባል የነጥብ ዝርዝር አላቸው። የመገጣጠሚያ ብግነት 4 ነጥብ፣ የቆዳ ሽፍታ 2፣ የአፍ ቁስል 2፣ የፀጉር መርገፍ 2፣ በሉፐስ የመጣ የሚጥል በሽታ 8፣ እያለ ይሄዳል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ነጥቡ የሚሰጠው አለ ወይም የለም ተብሎ ነው። አስር መገጣጠሚያ አብጦብኝ የነበርኩት ሴት መድኃኒቱ ረድቶኝ ሦስት ቢቀር፣ ጠርሙስ መክፈት ብችል፣ ፀጉሬን ራሴ ብሠራ፣ ስሌዳይ ላይ ያው 4 ነኝ። ለዝርዝሩ አልተሻለኝም። ለእኔ ግን ሕይወቴ ተለውጧል። ሌላ ቢላግ የሚባል መለኪያ አለ፣ እሱ አካልን ባካል ለይቶ ያያል፣ በከፊል መሻሻልንም ይቆጥራል፣ በዚያው ልክ ደግሞ ለመሙላት አሰልቺ ነው።

ቤሊሙማብ መጀመሪያ ሲሞከር አልተሳካም። በሁለተኛው ደረጃ ሙከራ 449 ሰዎች ገብተው ነበር፣ ውጤቱም የተባለውን ግብ አልመታም። ተመራማሪዎቹ መረጃውን ተመልሰው ሲመረምሩ ከአራቱ ታማሚ ከአንድ የሚበልጠው ሙከራው ሲጀመር በደሙ ውስጥ የሉፐስ ፀረ እንግዳ አካል ያልታየበት ሆኖ ተገኘ። ቢ ሴል ላይ የሚሠራ መድኃኒት ታዲያ እዚያ ምን ይሠራል? ሁለት ነገር ቀየሩ። ቀጣዩ ሙከራ ውስጥ ደማቸው ላይ ምልክቱ ያለባቸውን ብቻ አስገቡ፣ ከዚያ ኤስአርአይ የሚባል አዲስ መለኪያ ሠሩ። እሱም ስሌዳይ ቢያንስ በ4 ነጥብ እንዲወርድ፣ በዚያ ላይ ሌላ አካል እንዳይባባስና የሐኪሙ አጠቃላይ ግምትም እንዳይከፋ ይጠይቃል።

በዚህ መለኪያ ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተደረጉ። ብሊስ-52 የተደረገው በእስያ፣ በደቡብ አሜሪካና በምሥራቅ አውሮፓ ነው፣ 865 ታማሚዎች ነበሩ። ከ52 ሳምንት በኋላ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 58 ከመቶው ተሻላቸው፣ ማስመሰያውን (መድኃኒቱን የሚመስል ግን መድኃኒት የሌለበትን) ከወሰዱት ደግሞ 44 ከመቶው። ብሊስ-76 ላይ፣ ሰሜን አሜሪካና አውሮፓ ላይ ባተኮረው፣ 43 በ34 ገደማ ነበር። እሱም ቢሆን 76 ሳምንት ላይ ሲታይ ልዩነቱ አስተማማኝ መሆኑ ቀረ። በመጋቢት 2011 የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ ፈቀደው።

«14 ነጥብ ብቻ?» ብላችሁ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። ግን ማስመሰያ የወሰዱት ለምን 44 ከመቶ ተሻላቸው? ይሄ የአክስቴን ትልቁን ፍርሃት ይመልሳል፤ «ባዶ ውሃ እየሰጡ ሊያማቅቁሽ ነው» ብለውኛል። በሉፐስ ሙከራ ውስጥ ባዶ ውሃ ብቻ የሚሰጠው ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሁሉም የነበረበትን መድኃኒት፣ ፕላኩኒሉን፣ ፕሬድኒሶኑን፣ ማይኮፌኖሌቱን ይዞ ይቀጥላል፤ አዲሱ ወይም ማስመሰያው በላዩ ላይ ነው የሚጨመረው። ታማሚዋም ሐኪሟም የትኛው እንደደረሳት አያውቁም። በዚያ ላይ በየወሩ ደም ይታያል፣ ሽንት ይታያል፣ የምታውቅሽ ነርስ ትደውላለች፣ ክኒን ብትረሺ ትጠየቂያለሽ። እንዲህ የተያዘ ሰው ማስመሰያውን ቢወስድም ይሻለዋል። ስለዚህ አዲሱ መድኃኒት የሚወዳደረው ከባዶ ጋር ሳይሆን በደንብ ከታከመ ሰው ጋር ነው። ይህ ለታማሚዋ መልካም፣ ለኩባንያው ራስ ምታት ነው።

ሪቱክሲማብም የተያዘው እዚሁ ወጥመድ ውስጥ ይመስለኛል። ኤክስፕሎረር በሚባለው ሙከራ 257፣ ኩላሊት ላይ ባተኮረው ሉናር 144 ሰዎች ገቡ፣ ሁለቱም ግባቸውን ሳቱ። ሁሉም ታማሚ በላዩ ላይ ከባድ ስቴሮይድና ሌላ መድኃኒት ይወስድ ስለነበር ልዩነቱ ተውጦ ቀረ የሚሉ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ሐኪሞቹም ለከበደባቸው ታማሚ ዛሬም ሪቱክሲማብ ያዛሉ። ወድቋል የተባለ መድኃኒት በየሆስፒታሉ ሲሰጥ ታያላችሁ ማለት ነው፤ ከዚያ ኢንሹራንሱ «ለሉፐስ አልተፈቀደም» ብሎ አልከፍልም ይላል። የእኔው ኢንሹራንስ በአንድ መድኃኒት ምክንያት ወረቀት ሲያመላልሰኝ የከረመበትን ጉድ ሌላ ጊዜ አወራችኋለሁ።

የአኒፍሮሉማብ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ቱሊፕ-1 ሙከራ ላይ 457 ሰዎች ነበሩ። በኤስአርአይ ሲለካ መድኃኒቱን ከወሰዱት 36 ከመቶ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት 40 ከመቶ ተሻላቸው። ከማስመሰያ በታች! ጋዜጦቹ ወደቀ ብለው ጻፉ። ሲመረመር ግን ከደንቦቹ አንዱ በሙከራው ወቅት እንደ ኢቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ የጀመረ ሰው እንዳልተሻለው ይቆጠር የሚል ሆኖ ተገኘ። ራሷን አሟት ማስታገሻ የዋጠች ሴት ሉፐሷ አልተሻለም ተብላ ተመዘገበች። ደንቡ ተስተካክሎ ሲሰላም በኤስአርአይ ያው ልዩነት የለም፤ ቢላግን መሠረት ባደረገው ቢክላ በሚባለው መለኪያ ግን መድኃኒቱ ጎላ ብሎ ወጣ። ስለዚህ ሁለተኛው ሙከራ፣ ቱሊፕ-2፣ ውጤቱ ከመከፈቱ በፊት ዋና መለኪያውን ወደ ቢክላ ቀየረ። 362 ታማሚዎች፣ 48 ከመቶ ገደማ በ32። በሐምሌ 2021 ተፈቀደ።

ይቺን ለአንድ መሐንዲስ ጓደኛዬ ስነግረው «ሜትሩን ቀይረው ነው እንዴ ያሳለፉት?» አለኝ። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ደስ አላለኝም። ነገር ግን መለኪያው የተቀየረው ማን ምን እንደወሰደ ከመታወቁ በፊት ነው፣ ያ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ውጤቱን አይተው ቢሆን ኖሮ ማጭበርበር ይሆን ነበር። ለማንኛውም መለኪያ ምን ያህል እንደሚወስን ማየት ከፈለጋችሁ አባታሴፕት የሚባለው ሌላ ባዮሎጂክ ነገር ይበቃል። የሉፐስ ኩላሊት ላይ 298 ሰዎች ውስጥ ተሞክሮ ወደቀ። በ2012 ተመራማሪዎች ያንኑ መረጃ ወስደው ሌሎች የኩላሊት ሙከራዎች «ሙሉ መሻሻል» የሚሉትን ትርጉም እያፈራረቁ ሲያሰሉት፣ በአንዱ ትርጉም ወድቆ በሌላው አለፈ። ሰዎቹ እነዚያው፣ ደሙ ያው፣ ሽንቱ ያው።

ኩላሊት ላይ ነገሩ ዛሬ ተሻሽሏል። በሽንት የሚወጣ ፕሮቲን ይለካል፣ ክርክር የለውም ባይባልም ቁጥር አለው። ቤሊሙማብ በ448 ታማሚዎች ላይ ለሁለት ዓመት ተሞክሮ 43 በ32 አሸነፈ፣ በ2020 መጨረሻ ለኩላሊት ተፈቀደ። ኦቢኑቱዙማብ የሚባለው ደግሞ፣ ሪቱክሲማብ የሚይዘውን ያንኑ ሴል ጠለቅ አድርጎ የሚያጠፋው፣ ሬጀንሲ በተባለ የ271 ሰዎች ሙከራ 46 በ33 ወጥቶለት በ2025 ተፈቀደ።

አሁን ወደ «መሞከሪያ አትሁኚ» ልመለስ፣ ዋናው ነገሬ እሱ ስለሆነ።

ቤሊሙማብ ሲፈቀድ የመድኃኒቱ መግለጫ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ነበረበት፤ ጥቁር ታማሚዎች ላይ የሠራ አይመስልም የሚል። ይህ የተባለው ስንት ሰው ታይቶ ነው? ሁለቱ ሙከራዎች ውስጥ ከነበሩት ከ1,600 በላይ ሰዎች ጥቁሮቹ 148 ነበሩ። እነሱም በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል ማስመሰያ። በዚህ ቁጥር አይሠራም ማለትም ይሠራል ማለትም አይቻልም። ኤፍዲኤ ጥቁር ታማሚዎች ላይ ብቻ ሌላ ሙከራ ይደረግ ብሎ አዘዘ። ኤምብሬስ ተባለ፣ 448 ሰዎች ገቡ፣ ውጤቱም 49 ከመቶ ገደማ በ42 ሆነ። ልዩነቱ በስታቲስቲክስ አላለፈም። በሽታቸው ጠንከር ያለባቸው ላይ የተሻለ ታየ። ከመፈቀዱ እስከዚህ ድረስ ስንት ዓመት እንደሄደ አስቡት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሐኪሞች ጥቁር ሴት ፊታቸው ስትቀመጥ ያው መርፌ ያዙላት ነበር፣ ወይም ማስጠንቀቂያውን አይተው ይተዉት ነበር። ሁለቱም በግምት።

ስለዚህ አክስቴ፣ እኔ ሙከራው ውስጥ ባልገባ ከመሞከር አላመለጥኩም። መድኃኒቱ ሌላ ሰው ላይ ተሞክሮ፣ ተለክቶ፣ ተፈቅዶ፣ ከዚያ እኔ ላይ ይሞከራል። ልዩነቱ እኔ ላይ ሲሆን የሚጽፍ፣ የሚቆጥር፣ ከጎኔ ሆኖ የሚከታተል አለመኖሩ ነው። በ2018 የወጣ ቅኝት አሜሪካ ውስጥ ከሉፐስ ታማሚዎች 43 ከመቶው ጥቁር ሆነው ሳለ ሙከራዎች ውስጥ ግን 14 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ አሳይቷል። ያ 14 ውስጥ እንኳን ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የመጣች ሴት ስንት አለች? ቅጹ ላይ ያለው ሳጥን አንድ ነው፣ ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ ይላል፣ የአትላንታ ልጅም የደብረ ብርሃን ልጅም እሱ ላይ ነው ምልክት የምናደርገው።

ጥቁር አሜሪካውያን ሙከራን የሚፈሩበት የታወቀ ምክንያት አላቸው። ከ1932 እስከ 1972 አላባማ ውስጥ፣ ተስኪጊ ላይ፣ ቂጥኝ ያለባቸው ጥቁር ወንዶች መድኃኒት እያለ ሳይታከሙ እየታዩ ነበር፣ ሳይነገራቸው። ዛሬ የምንፈርመው ረጅም የስምምነት ወረቀትና ሙከራውን የሚቆጣጠረው የሥነ ምግባር ኮሚቴ ከዚያ ቅሌት በኋላ ነው ሕግ የሆነው። የእኛ ሰው ፍርሃት ግን ይለያል። እኛ የምንፈራው ወሬውን ነው። «ሰው ሰማ ወይ?» ነው መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ «አመመሽ ወይ?» ቆይቶ ይመጣል። ሙከራ ውስጥ መግባት ማለት በሽታውን ማመን፣ ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ፣ መኪና የሚነዳ ሰው መለመን ነው፣ ያኔ መደበቅ አይቻልም።

ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ፣ ማንም ቀድሞ የማይነግራችሁን ጥቂት ነገር ልንገራችሁ።

ቲቢ። ባዮሎጂክ ከመጀመሩ በፊት የተደበቀ ቲቢ፣ ሄፓታይተስና ኤችአይቪ ይመረመራል። ኢትዮጵያ ያደገ ሰው የተደበቀ ቲቢ ቢገኝበት አይገርምም፣ ሕመም የለውም፣ አይተላለፍም፣ ግን መከላከያውን ስናዳክመው ሊነሳ ይችላል። የቆዳውን ምርመራ ካደረጉላችሁ በልጅነት የተወጋነው የቢሲጂ ክትባት ውጤቱን ሊያሳስተው ስለሚችል በደም የሚደረገውን ጠይቁ። ከተገኘባችሁ ለወራት ክኒን ትወስዳላችሁ፣ ሙከራው ቀርቶባችሁ ሊሆንም ይችላል። እኔ ላይ የሆነው ይሄ ነው። የደሙ ምርመራ ተገኘብሽ አለኝ፣ ክኒኑን ስጨርስ የነበረው ቦታ ሞልቶ ነበር፤ አሁን ስለሌላ ሙከራ ነው የምንነጋገረው።

አልማዝ ባለጭራ። ቱሊፕ-2 ላይ አኒፍሮሉማብ ከወሰዱት 7 ከመቶ ገደማው ወጥቶባቸዋል፣ ማስመሰያ ላይ 1 ከመቶ። ኢንተርፌሮንን ስትዘጊው ቫይረሱ ነጻ ይወጣል፣ ሌላ ምን ይጠበቃል። ክትባት አለው፣ ሺንግሪክስ ይባላል፣ ሕያው ቫይረስ የለበትም፣ መርፌውን ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ። ወጥቶ ሰው ዕርድ ቀብቶላችሁ ከመዋል ይሻላል።

እርግዝና። ሙከራ ውስጥ እያለሽ እንደማታረግዢ በጽሑፍ ታረጋግጫለሽ። በሽታው የሚይዘው በወሊድ ዕድሜ ያለችውን፣ ሙከራው ደግሞ ዓመትና ከዚያ በላይ። አግብታ ልጅ የምትጠብቅ ሴት ይህን ከባሏ ጋር፣ እግዜር ካላለም ከአማቷ ጋር ተነጋግራ ነው የምትገባው። ለእኔ ከመርፌው ሁሉ የከበደው ይሄ ነው።

ቋንቋ። የስምምነቱን ወረቀት እንግሊዝኛ የሚያውቅ ልጃችሁ ተርጉሞላችሁ አትፈርሙ። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፣ በነጻ ነው፣ አማርኛ በስልክም ቢሆን ይገኛል። ከፈረማችሁም በኋላ በፈለጋችሁበት ቀን መውጣት ትችላላችሁ፣ ምክንያት አትጠየቁም፣ መደበኛ ሕክምናችሁም አይቋረጥም።

ገንዘብ። የሚሞከረው መድኃኒት በነጻ ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ቤሊሙማብ ገበያ ሲወጣ ዋጋው በዓመት 35,000 ዶላር ገደማ ነበር። መደበኛውን የደም ምርመራ ማን እንደሚከፍል፣ ታክሲውን ማን እንደሚችል፣ ሙከራው ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቀጥልልሽ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ። የመጨረሻውን የማይጠይቅ ብዙ ሰው አለ።

ጸበልስ? የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። እኔ እጠመቃለሁ፣ መድኃኒቴንም እወስዳለሁ። ፕሬድኒሶንን በድንገት ማቆም ግን ሰው ይገድላል፣ ሰውነት የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ስለሚያቆም። የትኛውም አጥማቂ አቁሚ ቢልሽ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ እንዳታቆሚ።

ካር-ቲ ስለሚባለው አዲስ የሴል ሕክምናም ብዙ ቪዲዮ እየተላከልኝ ነው፣ «ሉፐስ ዳነ» የሚል ርዕስ ያለው። ጀርመን ኤርላንገን ውስጥ ጌዮርግ ሼት የሚመሩት ቡድን በ2021 አንዲት የ20 ዓመት ታማሚ ላይ የሠራውን አሳተመ። የራሷን ቲ ሴሎች (ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች) ከደሟ ወስደው፣ ቢ ሴል እንዲያድኑ በላቦራቶሪ አስተካክለው መለሱላት። በ2024 ደግሞ የ15 ሰዎች ውጤት ወጣ፣ ስምንቱ የሉፐስ ናቸው፣ ስምንቱም በሽታው ጠፍቶላቸው ሌሎች መድኃኒቶቻቸውን አቁመዋል። እኔም ሳነበው ልቤ ዘሏል። ግን ስምንት ሰው ነው፣ ማስመሰያ የወሰደ ማነጻጸሪያ ቡድን የለውም፣ ሴሎቹ ከመመለሳቸው በፊትም ኬሞቴራፒ ይሰጣል። ቤሊሙማብ በ865 ሰዎች ተለክቶ ስንት እንዳከራከረ አይታችኋል። ካር-ቲ ከእሱ በጣም የበለጠ ሊሆን ይችላል፣ እኔም እንዲሆን እመኛለሁ፣ ቪዲዮውን እየላካችሁ ፕላኩኒልሽን አቁሚ የምትሉኝ ግን ተዉኝ።

ስለ ፕላኩኒል ካነሳሁ፣ አገር ቤት ላላችሁ። እነዚህን መርፌዎች ማግኘት እንደማይታሰብ አውቃለሁ፣ ሩማቶሎጂስት ማግኘት ራሱ ወረፋ ነው። ነገር ግን እዚህ ከላይ የጻፍኳቸው ሙከራዎች ውስጥ የገቡት ታማሚዎች አብዛኞቹ ያቺኑ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይዘው ነው የገቡት። ማገርሸትን የምትቀንሰው፣ በእርግዝና ጊዜ እንኳን የምትቀጥለው እሷ ናት። መጠኗ በኪሎ ነው የሚሰላው፣ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ዓይንም በየጊዜው ይታያል። ርካሽ ስለሆነች አትናቋት።

አንዲት አንባቢ ባለፈው «እህቴን በጉብኝት ቪዛ አምጥቼ ሙከራ ላስገባት?» ብላ ጽፋልኝ ነበር። እህቴ፣ ከባድ ነው። አብዛኞቹ ሙከራዎች ቢያንስ 52 ሳምንት ናቸው፣ በየአራት ሳምንቱ መገኘት አለባት፣ የጉብኝት ቪዛዋ ሳይደርስ ያልቃል። ሙከራው ሲያበቃ ደግሞ አገር ቤት መድኃኒቱን ማን ይሰጣታል? ይልቅ ሽንቷ ውስጥ ፕሮቲን መኖር አለመኖሩ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታየ ጠይቂልኝ። ኩላሊት ሲነካ መጀመሪያ ላይ አያምም፣ ምርመራው ግን አዲስ አበባ ውስጥ ማንኛውም ላቦራቶሪ ይሠራዋል። ውጤቱን ይዛ ስትመጣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ምን ብላ ሐኪሟን እንደምትጠይቅ አብረን እናያለን።